የሱፍ አበባዬ ቀትር ላይ ይጠወልጋል፤ ውሃው ስንት ይሁን? (አዳማ)

የጎሮዋ · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እዚሁ አዳማ፣ ጎሮ ነው የምኖረው። ጓሮዬ ውስጥ ሁለት በሦስት ሜትር የሆነች መደብ አለችኝ፤ እሷ ላይ የሱፍ አበባ ዘርቻለሁ። ዘሩ መሬት የገባው መስከረም መጀመሪያ፣ ዝናቡ ሳይወጣ ነው። ሃያ ገደማ ናቸው። አሁን ከእኔ ቁመት አልፈዋል፣ ጫፋቸው ላይ እምቡጥ ይዘዋል።

ጠዋት ሳያቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ደህና ናቸው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ግን ትልልቁ ቅጠል ሁሉ ይልፈሰፈሳል። ማታ ማታ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ጆግ አጠጣለሁ። ባለቤቴ «ቀትር ላይም ጨምሪላቸው» ይላል። እናቴ ደግሞ «በፀሐይ ውሃ ካፈሰስሽበት ይቃጠላል» ትላለች። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ነው፤ በጄሪካንና በበርሜል ነው የምናጠራቅመው። ስለዚህ እንደ ልቤ ላፍስ ብልም አልችልም። የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ። ልጆቼ ከእነሱ ጋር ቁመት እየተለካኩ ነው ያሳደጓቸው፤ ቢደርቁባቸው በጣም ነው የማዝነው።

ነፋሻ · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 2፡41

እህቴ፣ ጠዋትና ማታ አድርጊው። የአዳማን ነፋስ ታውቂዋለሽ፤ እነዚያ ተርባይኖች እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። እርጥበቱን ጠራርጎ ነው የሚወስደው። እኔ ጎመኔን በቀን ሁለቴ ነው የማጠጣው፣ ለምለም ነው።

ቡቃያ · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡30

ነፋሻ ወንድሜ፣ ስለ ነፋሱ ልክ ነህ። ጎመንና ሱፍ ግን አንድ አይደሉም። የጎመን ሥር ላይ ላዩን ነው የሚሄደው። የሱፍ አበባ አንድ ወፍራም ዋና ሥር ቁልቁል ይሰዳል፤ አፈሩ ከፈቀደለት ሁለት ሜትር ሊወርድ ይችላል። ድርቅ ይችላል የሚባለውም ለዚህ ነው።

የጎሮዋ፣ መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። ቀትር ላይ መልፈስፈሱ ብቻውን የጥም ምልክት አይደለም። ቅጠሉ ሰፊ ነው። ፀሐይና ነፋስ አንድ ላይ ሲመጡበት በቅጠሉ የሚተነው ውሃ ሥሩ ከሚስበው ይበልጣል። ያኔ ቅጠሉ ይወድቃል። አመሻሽ ላይ ሲበርድለት ይመለሳል። ስለዚህ የምትፈርጂው በጠዋቱ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይ አንድ ሰዓት ላይ ወጥተሽ ቀጥ ብሎ ካገኘሽው ውሃ አለው። ጠዋትም ተልፈስፍሶ ካደረ አንድም ተጠምቷል፣ አንድም ውሃ በዝቶበት ሥሩ ታፍኗል። ሁለቱ ከላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለያቸው አፈሩ ነው፤ ቆፍረሽ ሳታዪ ውሃ አትጨምሪ።

በፀሐይ ማጠጣት ይገድላል የሚባለው ተጋኗል። የእውነት የተጠማ ተክል ቀትር ላይ ካየሽ አጠጪው፣ አትፍሪ። ግን በዚያ ሰዓት ብዙው ውሃ ተንኖ ይሄዳል፣ ለእናንተ ደግሞ ውሃ ውድ ነው። ማለዳ ከሁሉ ይሻላል። ቅጠሉን ሳይሆን መሬቱን አጠጪ።

እስቲ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ነገ ማታ እንደ ልማድሽ አንድ ጆግ ስጪው። አንድ ሰዓት ቆዪና ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ ብለሽ በመኮትኮቻ ቆፍሪ። እርጥበቱ ስንት ጣት እንደወረደ ለክተሽ ንገሪኝ።

የጎሮዋ · ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 1፡55

ቆፈርኩት። ላዩ ጥቁር ብሎ ርሷል፤ እርጥበቱ ግን አራት ጣት እንኳ አይሞላም። ከዚያ በታች ያለው አመድ የመሰለ ደረቅ አፈር ነው፤ ጨብጬ ሳነሳው በጣቶቼ መሀል ፈሰሰ። ቀጫጭን ነጫጭ ሥሮች ደግሞ እዚያችው እርጥቧ ላይ ተጠላልፈዋል። ወደ ደረቁ የወረደ ብዙም አላየሁም። ባለቤቴም መጥቶ አየ፣ እሱም ገረመው። አሁን ምን ላድርግ?

ቡቃያ · ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 3፡05

ነገሩ እዚያ ጋ ነው። ሥር ውሃ ወዳለበት ነው የሚሄደው። ውሃው አራት ጣት ላይ ካለቀ ሥሩም እዚያው ይቀራል። የእኛ አካባቢ አፈር ደግሞ በአብዛኛው ቀላል ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ አሸዋማ። ውሃ ቶሎ ያስገባል፣ ቶሎም ይደርቃል። ላዩን ያራስሽው በነጋታው ቀትር ላይ የለም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲፈስ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። እምቡጥ የያዘ የሱፍ አበባ እንዲህ ባለ ደረቅ አየር በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በሳምንት 35 ሆነ። መደብሽ 6 ካሬ ሜትር ናት፤ ስታባዢው 210 ሊትር፣ ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን አሥር ተኩል። ለሃያ ተክል ሲካፈል ለአንዱ በሳምንት ግማሽ ጄሪካን ይደርሰዋል።

አሁን ያንቺን እንይ። ጆግሽ አንድ ተኩል ሊትር ከያዘ፣ በሰባት ቀን አሥር ሊትር ተኩል ነው። አየሽ? የምታወጪው ውሃ ልክ ነው! ጥልቀቱ ነው የጎደለው። ያንኑ ውሃ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ አምስት አምስት ሊትር ብታደርጊው ስንዝር አልፎ ይወርዳል። ፈረቃችሁም ለዚህ ይመቻል፤ ውሃ በመጣ ቀን ማጠጣት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። አሁን ያላችሁበት ጊዜ ወሳኝ ነው። የሱፍ አበባ ከሁሉ የሚጎዳው ሊያብብ ሃያ ቀን ሲቀረው ጀምሮ ካበበ በኋላ እስከ ሃያ ቀን ድረስ ውሃ ሲጎድለው ነው። የአበባው ስፋትም፣ የፍሬው ሙላትም የሚወሰነው ያኔ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ለሙሉ ዕድሜው ከ600 እስከ 1000 ሚሊ ሜትር ውሃ ይፈልጋል ይላል። አዳማ በዓመት የሚዘንበው 800 አካባቢ ነው፤ ብዙው ደግሞ ክረምት ላይ አልቋል። ስለዚህ ቆጥበሽ የያዝሽውን ውሃ ለዚህ ወር አውጪው።

ጋሽ ወንጂ · ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 12፡50

ልጆቼ እንደምን አደራችሁ። ቡቃያ የጻፈው ጥሩ ነው። የምጨምረው አለኝ፣ አንድ ቦታ ላይም አልስማማም።

እኔ ወንጂ ነው ያደግሁት፤ አገዳው በቦይ ሲጠጣ እያየሁ። ከዚያም ብዙ ዘመን ውሃ ሳጠጣ ኖሬያለሁ። ላይ ላዩን የለመደ ተክል፣ ያውም እምቡጥ ይዞ፣ በአንድ ጊዜ «ከእንግዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ» ሲባል ይደነግጣል። ሥሩ ገና አልወረደማ! እምቡጡን ሊያጠወልግብሽ ይችላል። ስለዚህ ልጄ፣ መጀመሪያ በአንድ ቀን ውሃውን ሳትሰስቺ እስከ ታች ድረስ አርሺው። ከዚያ አንድ ቀን ዝለዪና አጠጪ። ጠዋት ጠዋት ቀጥ ብሎ ከቆመልሽ ሁለት ቀን ዝለዪ። ቀስ እያልሽ አስለምጂው። ሥሩ እርጥበቱን ተከትሎ ይወርዳል።

አጠጣጡም ዘዴ አለው። በየግንዱ ዙሪያ ክብ ጎድጓዳ አውጪ፤ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ስንዝር ተኩል ይሁን። ግንዱ የቆመበት መሀሉ ከፍ ብሎ ይቅር፣ ውሃ አይተኛበት፤ ግንዱ ሥር ውሃ ሲተኛ ይበሰብሳል። ደረቅ አፈር መጀመሪያ ውሃ አይቀበልም፣ ላዩ ላይ ያንከባልለዋል። ስለዚህ አንድ ጆግ አፍስሺ፣ ወደ ሚቀጥለው ሂጂ፣ እንዲህ እያልሽ መደቡን ዙሪና ተመለሽ። ሁለተኛው ላይ እየጠጣ ሲወርድ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ያኔ ቀሪውን ስጪው።

ነፋሱን አትርሺ። ውሃ በደንብ በጠጣ ማግስት መሬቱ ይለሰልሳል፤ ጫፉ የከበደ ተክል ደግሞ ያን ጊዜ ነው የሚጋደመው። ከማጠጣትሽ በፊት አፈር አስታቅፊው። እንጨት ትከዪና በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርገሽ እሰሪው። ሲባጎ ግንዱን ይቆርጠዋል። መደቡን በጤፍ ጭድ ሸፍኚው፤ ጭዱ ግንዱን አይንካ። ጭድ ያለበትና የሌለበት አፈር በሦስተኛው ቀን እጅሽን ከተሽ ብታነጻጽሪው ልዩነቱን ታዪዋለሽ።

ቡቃያ · ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 2፡20

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ቀስ በቀስ መሆን አለበት። የጎሮዋ፣ የጋሼን ተከተዪ። እኔ የነገርኩሽ መድረሻውን ነው፣ መንገዱ የእሳቸው ነው።

ማዳበሪያ አሁን ጨምሩ የሚል ካለ ደግሞ አትስሚ። ዩሪያ ሲበዛበት ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ግንዱ ይለሰልሳል፣ ነፋስ ይጥለዋል።

ነፋሻ · ኅዳር 11፣ ከቀኑ 7፡15

ጋሼ እናመሰግናለን። ይኸው እኔም ተማርኩ። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የልብስ እጣቢስ? ቤታችን በሳምንት ሁለት ሦስት ባልዲ ይደፋል። ያሳዝነኛል።

የጓሮ ጎመን · ኅዳር 11፣ ከቀኑ 9፡40

ይሄን እኔ ልመልስ፣ ቤቴ የሚሠራበት ነው። የመጀመሪያውን እጣቢ፣ ኦሞው የጠገበውን፣ አታድርገው። ሳሙናው ውስጥ ያለው ሶዲየም አፈሩ ላይ ይከማችና መሬቱን ያደርቀዋል። በረኪና የገባበት ከሆነ ጭራሽ እንዳታስበው። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ግን ይሆናል። በዚያው ቀን አፍስሰው፣ ካደረ ይሸታል። ቅጠልና አበባ ላይ ሳይሆን መሬቱ ላይ። አንዴ እጣቢ ከሰጠኸው ቀጥሎ ንጹሕ ውሃ ስጠው። ገና ለበቀለ ተክል ግን አይሆንም፣ ጨቅላ ነው።

የአትክልትና የሩዝ እጣቢ ያለ ስጋት ይጠጣል። ፓስታ የተቀቀለበትን ውሃ ጨው ስላለው ተወው።

ጉድጓድ · ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 1፡20

ውይይቱን ስከታተል ነበር። እኔ ከከተማው ወጣ ብዬ ነው ያለሁት፣ የምጠቀመው የጉድጓድ ውሃ ነው። አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ይወጣል። የሱፉ የታች ቅጠሎች ደግሞ ጠርዛቸው ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ውሃ ሳበዛም ሳሳንስም ያው ነው። ከውሃው ይሆን?

ቡቃያ · ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 2፡35

በጣም ይመስላል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ የብዙ ጉድጓድ ውሃ ሶዲየምና ፍሎራይድ ይበዛበታል። ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ ቤተሰብህ የሚጠጣውም ከዚያው ከሆነ አስመርምረው፣ ይሄ ከአበባው ይቀድማል። ለተክሉ ግን ዋናው ጣጣ ጨዉ ነው። ያየኸው ነጭ ነገር ውሃው ሲተን የቀረ ጨው ነው።

ደግነቱ የሱፍ አበባ ጨው በመጠኑ ይችላል፣ ከባቄላ በጣም ይሻላል። ትንሽ ትንሽ ማጠጣት ግን ለአንተ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ውሃው ይተናል፣ ጨዉ ላዩ ላይ ይቀራል። ስታጠጣ ጠለቅ አድርገህ አጠጣ፣ ጨዉ ከሥሩ በታች እንዲወርድ። ነጩን ቅርፊት ቧጥጠህ አውጣው። ብስባሽ ጨምርበት። በክረምት የጣራ ውሃ የምታጠራቅምበት በርሜል ካለህ ያን ከጉድጓዱ ጋር እያፈራረቅህ ስጠው።

የሐይቅ ዳሯ · ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 4፡05

ሰላም አዳማዎች፣ ከሐዋሳ ነኝ። እኛ ጋ ዝናቡ ከእናንተ ረዘም ስለሚል ክረምት ላይ ሱፍ አላጠጣም። የእኛ ችግር እርጥበት ነው፤ ቅጠሉ ከላይ ቢጫ እየሆነ፣ ጀርባውን ስትገልጡት ነጭ ሻጋታ ይይዛል። በውሃ ጎማ ከላይ የምትረጩ ካላችሁ ተጠንቀቁ፣ ቅጠሉ ረጥቦ ሲያድር ነው በሽታው የሚገባው። አበባው ከፈካ በኋላ ደግሞ ፊቱ ላይ ውሃ አይፈስም። ጭንቅላቱ ይበሰብሳል፣ ንቧም አትመጣም።

በበጋ የምጠቀመውን ዘዴ ልንገራችሁ። ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ሁለት ተክል መሀል አንገቷ ድረስ እቀብራለሁ። ውሃ እሞላና እከድናታለሁ። ሸክላው ውሃውን በላቡ እያወጣ አፈሩን ከውስጥ ያርሰዋል፤ ላዩ ደረቅ ስለሆነ አረምም አይበቅል። ሙሉዋ ማሰሮ ሁለት ሦስት ቀን ትቆያለች። አንድ ነገር ብቻ፣ ማሰሮዋ ያልተሟሸች ትሁን። የተሟሸች ዘይቱ ቀዳዳዋን ስለሚደፍነው ውሃ አታሳልፍም። ከገበያ ስትገዙ ውጪዋን በምላስ ጫፍ ወይ በረጠበ ጣት ንኩት፤ እርጥበቱን ቶሎ ከጠጣችው ትሆናለች።

የጎሮዋ · ኅዳር 13፣ ከቀኑ 6፡30

የሐይቅ ዳሯ፣ ይሄማ ግሩም ነው! አሁን ልቅበር ወይ?

የሐይቅ ዳሯ · ኅዳር 13፣ ከቀኑ 7፡00

አሁን አይሆንም እህቴ። እምቡጥ ይዘዋል፤ ስትቆፍሪ ሥራቸውን ትቆርጫለሽ። ለሚቀጥለው፣ መጀመሪያ ማሰሮዋን ቅበሪ፣ ከዚያ ዘሩን አጠገቧ ዝሪ።

ሦስተኛ ፎቅ · ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 12፡45

እኔ መሬት የለኝም፣ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በቀለም ባልዲ ነው የተከልኩት። የእኔም በሳምንት ሁለቴ ይሁን?

ቡቃያ · ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 1፡10

አይሆንም፣ ባልዲ ሌላ ነው። ሥሩ የሚወርድበት ስለሌለው ውሃው እዚያው ያልቃል። በሙቀት ቀን በየቀኑ ሊጠይቅሽ ይችላል። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቢና ደረቅ ከሆነ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች እስኪንጠባጠብ አጠጪ። ከሥሩ ሳህን ካስቀመጥሽ የተጠራቀመውን ድፊ። ቀዳዳ ካልበሳሽው ደግሞ ዛሬውኑ ብሺው። ለሌላ ጊዜ አጭሩን ዝርያ ፈልጊ፤ ረጅሙን በረንዳ ላይ ነፋሱ አይተውልሽም።

የጎሮዋ · ኅዳር 28፣ ከጠዋቱ 1፡35

እንደምን ከረማችሁ። ጋሼ ባሉት መንገድ ቀስ እያልኩ ሄድኩ፤ አሁን ውሃ በመጣ ቀን ብቻ ነው የማጠጣው። ትናንት ቆፍሬ አየሁ፣ ስንዝር ሙሉ እርጥብ ነው፣ ነጫጭ ሥሮቹም እዚያ ድረስ ወርደዋል። በጣም በሚሞቅ ቀን አሁንም ቀትር ላይ ይልፈሰፈሳሉ፣ እኔ ግን መጨነቁን ትቼዋለሁ። ጠዋት ቀጥ ናቸው። ባለፈው ሳምንት በዚያ ኃይለኛ ነፋስ ሁለቱ ተጋደሙ፤ ሁለቱም እንጨት ያልተተከለላቸው ነበሩ። አንዱን አቅንተን አሰርነው፣ ሌላኛው ግንዱ ስለተሰነጠቀ ለልጆቹ ቆርጬ ማሰሮ ውስጥ አስቀመጥኩላቸው።

አሥራ አንዱ ፈክተዋል! ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። እምቡጥ ሳሉ ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ማታ ወደ ምዕራብ ይዞሩ ነበር። የፈኩት ግን ወደ ምሥራቅ እንዳዩ ቀሩ። ውሃ አንሷቸው ነው?

ቡቃያ · ኅዳር 28፣ ከጠዋቱ 3፡00

እሰይ! አይ፣ ከውሃው አይደለም። ፀሐይን እየተከተለ የሚዞረው እያደገ ያለው ነው፤ የግንዱ አንዱ ጎን ቀን፣ ሌላው ጎን ሌሊት ስለሚያድግ ነው የሚዞረው። ሲፈካ እድገቱ ስለሚቆም ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ። ማሰሮ ላይ ያሉትን ወደ ምዕራብ አዙረው ሲያነጻጽሯቸው፣ ወደ ምሥራቅ ያዩት በጠዋት ቶሎ ስለሚሞቁ አምስት እጥፍ ንብና ነፍሳት መጣላቸው። አንቺም ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወጥተሽ ቁሚና እይ።

የጎሮዋ · ኅዳር 28፣ ከጠዋቱ 3፡25

ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ። ማጠጣቱን መቼ ነው የማቆመው? እናቴ ደግሞ «ለዚህ ጾም ሱፍ ፍትፍት ይደርሳል?» እያለችኝ ነው።

ጋሽ ወንጂ · ኅዳር 28፣ ከቀኑ 6፡10

ለነቢያት ጾም አይደርስም ልጄ፣ ለእናትሽ ለሁዳዴ ንገሪያት። አበባው ከፈካ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ውሃውን እንዳለ ቀጥዪ፤ ፍሬው የሚሞላው ያኔ ነው። ከዚያ አንገቱን ይደፋል። ይሄ ጥም አይደለም፣ ከብዶት ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጥና ውሃ ይጨምራል። የጭንቅላቱን ጀርባ እይ። አረንጓዴው ወደ ቢጫ መዞር ሲጀምር ቀንሺ፣ ሙሉ ለሙሉ ቢጫ ሲሆን አቁሚ። ቡናማ ሲጀምር ትቆርጪዋለሽ፤ ጥር ላይ ይሆናል።

ቢጫ ሲሆን ወፍ ይጀምርሻል። በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ወይ በሻሽ ጭንቅላቱን ሸፍኚና ከሥር እሰሪው። ላስቲክ አታድርጊ፣ ወዝቶ ይሻግታል። ስትቆርጪው ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል አስቀሪለትና ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ሥር ዘቅዝቀሽ ስቀዪው። ፍሬው በአውራ ጣት ሲፈተግ ራሱ ሲረግፍ ደርቋል።